ነባሩ መስመር ሰላም ሳያገኝ የቀላል ባቡርን መረብ ማስፋፋት ተገቢ ነውን?

ጥያቄ፦ ከ«ተሳፋሪ»

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ከተማ ቀላል ባቡር ማስፋፊያ በሚደረግ ክርክር ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ሙግት ተደጋግሞ ይነሣል፤ ባጭሩ «ያለውን መስመር በቅጡ ሳትጠብቁ ለምን ሌላ ትዘረጋላችሁ?» የሚል ነው። ተሟጋቾቹ የሚዘረዝሯቸው ነገሮች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ባቡሩ ከመኪና ጋር መጋጨቱን፣ በፉርጎ ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ መጨሱን፣ ትኬት ሳይቆርጡ የሚሳፈሩ ሰዎች መብዛታቸውን፣ በምሽት ጣቢያ ላይ ብቻውን የቆመ ሰው የሚሰማውን ሥጋትና አልፎ አልፎ የሚፈጸም ከባድ ወንጀልን በአንድ ትንፋሽ ይጠራሉ። ማስፋፊያውን የሚደግፉት ደግሞ በባቡር የሚጓዝ ሰው በግል መኪና ከሚጓዘው ይልቅ የመሞት ዕድሉ እጅግ ያነሰ መሆኑን ጠቅሰው ክርክሩን የዘጉት ይመስላቸዋል። አንዱ ስለሚሰማው፣ ሌላው ስለሚቆጠረው ስለሚናገር አይገናኙም።

ለጥያቄዬ መነሻ የሆነችኝ የአሜሪካዋ ሻርለት ናት (ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። በኦገስት 2025 ሊንክስ በሚባለው የከተማዋ ቀላል ባቡር ሰማያዊ መስመር ላይ አንዲት ወጣት ተሳፋሪ በተቀመጠችበት በስለት ተወግታ ተገደለች፤ በፉርጎው ካሜራ የተቀረጸው ምስል በመላው ዓለም ታየና ጉዳዩ እስከ ዋሽንግተን ድረስ የፖለቲካ መነጋገሪያ ሆነ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በኖቬምበር፣ የዚያው አካባቢ መራጮች አዳዲስ የባቡር መስመሮችን ጨምሮ ለትራንስፖርት የሚውል የሽያጭ ታክስ ጭማሪ፣ ይኸውም ከአንድ ዶላር ላይ አንድ ሳንቲም፣ በጠባብ ብልጫ አጸደቁ።

ስለዚህ የምጠይቀው፣ አንዲት ከተማ የነባር መስመሯን ደኅንነትና ሥርዓት እስክታስተካክል ድረስ ማስፋፊያውን ማቆየት ይኖርባታል ወይስ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ትችላለች? ጎን ለጎን የሚኬድ ከሆነስ፣ የማስፋፊያ ዕቅዱ ስለ ደኅንነት ከመልካም ቃል ያለፈ ምን ነገር ሊይዝ ይገባዋል? በሙያው ውስጥ ያላችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ከ«ንድፍ ክፍል»

ጠያቂያችን፣ ራስዎ እንደጠቆሙት የግጭት አደጋ፣ ወንጀልና የሥርዓት መጓደል በአንድ ስም ሲጠሩ ክርክሩ ይበላሻል። መነሻቸውም፣ ኃላፊነቱ የሚወድቅበት ክፍልም፣ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። እኔ ስለ ግጭቱ ብቻ እጽፋለሁ፤ ስለ ሌሎቹ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ይመልስ።

የግጭት አደጋ በአብዛኛው የሚወሰነው ባቡሩ መሮጥ ከመጀመሩ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ መስመሩ በወረቀት ላይ ሲሰመር ነው። ካልጋሪና ሳንዲዬጎ በ1981 መስመሮቻቸውን ከከፈቱ ወዲህ ቀላል ባቡር ብዙ ከተሞችን የማረከው ዋሻና ድልድይ ሳይሻ ከመኪናና ከእግረኛ ጋር በአንድ ምድር ላይ መሄድ በመቻሉ፣ ስለዚህም ከምድር ውስጥ ባቡር በእጅጉ ርካሽ በመሆኑ ነው። በግንባታው ጊዜ የዳነው ገንዘብ ግን በየማቋረጫው ላይ ለአሥርት ዓመታት ሲከፈል ይኖራል።

በ1990 የተከፈተውና ዛሬ ኤ መስመር የሚባለው የሎስ አንጀለስ ሰማያዊ መስመር የዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነው። ወደ ሎንግ ቢች ሲሄድ በከፊል በጎዳና መካከል፣ በከፊል ደግሞ ከጭነት ባቡር ሐዲድ ጎን በፍጥነት እየሮጠ ብዙ ጎዳናዎችን በምድር ላይ ያቋርጣል፤ ከተከፈተ ወዲህ ራሳቸውን ያጠፉትን ጨምሮ ከ100 በላይ ሰዎች በዚህ መስመር ላይ ሞተዋል። የአደጋዎቹ ዓይነት ሲጠና ሁለት ነገሮች ደጋግመው ይወጣሉ። አንደኛው፣ ከባቡሩ ጋር በተመሳሳይ አቅጣጫ የሚነዳ ሰው ከኋላው የሚመጣውን ባቡር ሳያይ በሐዲዱ ላይ ወደ ግራ መታጠፉ ነው። ሁለተኛው፣ እግረኛው አንድ ባቡር እስኪያልፍ ታግሦ ይጠብቅና፣ እንዳለፈለት መንገዱ የተከፈተ መስሎት ሲራመድ በሌላኛው ሐዲድ ከሌላኛው አቅጣጫ የሚመጣው ባቡር ያገኘዋል። በሁለቱም አደጋዎች ውስጥ ሰውየው ግዴለሽ ላይሆን ይችላል፤ ንድፉ እንዲሳሳት ጋብዞታል።

መፍትሔ ተብለው የተተከሉት ነገሮችም ከዚሁ የመነጩ ናቸው። የመንገዱን አራቱንም ማዕዘን የሚዘጉ ማገጃ ዘንጎች መኪና በተዘጋው ዘንግ ዙሪያ ተጠማዝዞ እንዳያልፍ ይከለክላሉ። እግረኛው ወደ ራሱ ስቦ የሚከፍታት ትንሽ በር የምታደርገው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሰውየውን ለቅጽበት ታቆመዋለች፣ ቀና ብሎም እንዲያይ ታስገድደዋለች። ይህች ርካሽ በር ከብዙ ማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ትበልጣለች ብዬ አምናለሁ። ሁሉም ግን ቀድሞ በተሠራ መስመር ላይ በኋላ የተለጠፉ ናቸው፤ በመጀመሪያው ንድፍ ቢገቡ ኖሮ ወጪያቸው ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት በሆነ ነበር።

ከማስፋፊያ ጋር የሚያገናኘው ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ነው። ሊንክ የሚባለው የአሜሪካዋ ሲያትል ቀላል ባቡር በ2009 ሲከፈት በደቡብ በኩል፣ በሬኒየር ሸለቆ ሠፈሮች ውስጥ፣ በጎዳና መካከል በምድር ላይ እንዲሄድ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ወደ ሰሜን በ2016፣ በ2021 እና በ2024 እስከ ሊንውድ ድረስ የተቀጠሉት ክፍሎች ግን በዋሻና ከመኪና መንገድ በተለየ መስመር ላይ የሚሄዱ ናቸው። ሐዲዱ አንድ ስለሆነ በሬኒየር ሸለቆ አንድ መኪና ባቡሩ ፊት ሲገባ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚጠብቀው የሊንውድ ተሳፋሪም ይዘገያል። መረቡ በረዘመ ቁጥር እያንዳንዱ አሮጌ ማቋረጫ የሚያዛባው የተሳፋሪ ብዛት ይጨምራል፤ ስለዚህ ነባሩን ማቋረጫ ማረም ራሱ የማስፋፊያው ወጪ አካል ሆኖ መቆጠር አለበት። (በነገራችን ላይ፣ በምድር ላይ እንዲሄድ የተደረገው በዝቅተኛ ገቢና በብዙ ዘር ነዋሪዎች በሚታወቀው የከተማዋ ክፍል መሆኑ እስከ ዛሬ ቅሬታ ያስነሣል፤ ቅሬታው ተገቢ ነው።)

መልስ፦ ከ«ባቡር ነጂ»

ከላይ የጻፉት ወንድሜ ስለ ማቋረጫው የተናገሩት ትክክል ነው፤ ከነጂው ወንበር የሚታየውን ግን ልጨምርበት።

ባቡር መሪ የለውም፤ ሸሽቶ የሚያልፍበት መንገድም የለውም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቀላል ባቡር በመደበኛ ፍሬን ለመቆም 75 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ ሐዲዱን በማግኔት ቆንጥጦ የሚይዘው የአደጋ ጊዜ ፍሬን ሲጨመርበት ርቀቱ ወደ 35 እና 40 ሜትር ይወርዳል። መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚያስፈልገው የዚያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። መኪና አሽከርካሪዎች የባቡሩን ርቀት በራሳቸው ፍሬን እየለኩ ነው የሚሳሳቱት። እኛ ደግሞ የአደጋ ጊዜውን ፍሬን ስንይዝ ቆመው የሚሄዱት ተሳፋሪዎች፣ በተለይም አረጋውያን፣ እንደሚወድቁ እናውቃለን፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ድንገተኛ ፍሬን በውጭ ያለውን ለማትረፍ በውስጥ ያለውን አደጋ ላይ የመጣል ምርጫ ነው።

ይሁን እንጂ ክርክሩ ሁሉ በማቋረጫና በወንጀል ላይ ሲሆን የሚረሳ ሌላ አደጋ አለ። በኖቬምበር 9 ቀን 2016 በለንደን ክሮይደን፣ ሳንዲላንድስ በተባለው ቦታ፣ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ አንድ ትራም በ73 ኪሎ ሜትር ገብቶ ተገለበጠ፤ 7 ሰዎች ሞቱ፣ በርካቶችም ቆሰሉ። ገና ያልነጋበትና ዝናባማ ማለዳ ነበር። የብሪታንያ የባቡር አደጋ መርማሪ መሥሪያ ቤት ነጂው ለአፍታ በእንቅልፍ ሳይሸነፍ አልቀረም የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። በጣም የሚያሳስበው ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ግኝት ነው፤ ከ9 ቀን በፊት በዚያው ኩርባ ሌላ ትራም ከልክ በላይ በሆነ ፍጥነት አልፎ ነበር፣ ነጂዎችም ስሕተታቸውን ለአለቆቻቸው ለመናገር ይፈሩ ነበር። በ2023 ፍርድ ቤት የለንደን ትራንስፖርትን 10 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ትራሙን የሚያንቀሳቅሰውን ኩባንያ ደግሞ 4 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣ። ከአደጋው በኋላ ፍጥነቱ ከወሰን ሲያልፍ ባቡሩን በራሱ የሚያቆም መሣሪያ በመስመሩ ላይ ተተከለ።

ይህን የማነሣው ማስፋፊያ ማለት አዳዲስ ነጂዎችን ባንድ ጊዜ መቅጠር፣ ፈረቃን ማርዘም፣ የመጀመሪያውን ባቡር ቀደም አድርጎ ማስነሣት፣ የመጨረሻውንም ማምሸት ማለት ስለሆነ ነው። ዕቅድ አውጪዎች የባቡሮችን ቁጥር በጥንቃቄ ያሰላሉ፤ የነጂውን እንቅልፍ ግን የሚያሰላ አላየሁም። አዲስ መስመር ሲታቀድ የፍጥነት መቆጣጠሪያው እንደ ተጨማሪ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሐዲዱ እንዲቆጠር፣ ስሕተቱን ራሱ ያመለከተ ነጂ እንዳይቀጣ የሚያደርግ አሠራርም ከመክፈቻው ቀን በፊት እንዲኖር ብጠየቅ እመክራለሁ።

መልስ፦ ከ«በጀት ተከታታይ»

እኔ ከሁለቱ መላሾች ጋር በከፊል አልስማማም። ሁለቱም የተናገሩት «ማስፋፊያው መሠራቱ አይቀርም፣ ስለዚህ በጥንቃቄ ይሠራ» በሚል መንፈስ ነው። ጥያቄው ግን መሠራት አለበት ወይ የሚል ነው፤ አንዳንድ ጊዜም መልሱ «አሁን አይሁን» መሆን አለበት።

መስመር የሚገነባበት ገንዘብና መስመር የሚሠራበት ገንዘብ ከተለያየ ቋት ነው የሚመጡት። ለግንባታ ብድርም፣ ከማዕከላዊ መንግሥት የሚሰጥ ድጋፍም፣ በሕዝብ ድምፅ የሚጸድቅ ታክስም ይገኛል፤ የሲያትል አካባቢ መራጮች በ2016 ያጸደቁት ዕቅድ 54 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ነበር። በሌሊት ጣቢያ ላይ ለሚቆም ሠራተኛ ደመወዝ፣ ለፉርጎ ጽዳት፣ ለተሰበረ መብራት ግን በየዓመቱ ከሚጠበበው የሥራ ማስኬጃ በጀት ውጭ ምንጭ የለም። ባለሥልጣን ሪባን የሚቆርጠው ለጣቢያ እንጂ ለጽዳት ሠራተኛ አይደለም። ስለዚህ አዲስ መስመር በተከፈተ ቁጥር ያው የሰው ኃይል በረዘመ መስመር ላይ ይበተናል፤ ተሳፋሪው «ባቡሩ ሥርዓት አጣ» የሚለው ብዙውን ጊዜ ይህንኑ የሠራተኛ መመናመን ነው።

ችኮላ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ኦታዋን መመልከት ይበቃል። ኮንፌደሬሽን የተባለው መስመር በሴፕቴምበር 2019 ተከፈተ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተሳፋሪውን ያጓጉዙ የነበሩት ትይዩ አውቶቡሶች ተነሡና ሕዝቡ አማራጭ አጣ። በሮች ይበላሹ፣ መንኰራኵሮች ይሰነጠቁ ጀመር፤ በኦገስትና በሴፕቴምበር 2021 ባቡሮች ሁለት ጊዜ ከሐዲድ ወጡ፣ ከሁለተኛው በኋላ አገልግሎቱ 54 ቀን ተቋረጠ። በኖቬምበር 2022 ይፋ የሆነው የሕዝብ አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት ባቡሮቹ በቂ ሙከራ ሳያልፉ ወደ አገልግሎት መግባታቸውን፣ የሙከራው ማለፊያ መስፈርት ዝቅ እንዲል መደረጉንና ለከተማው ምክር ቤት መነገር የነበረበት መረጃ አለመነገሩን አጋልጧል። አንድ መስፈርት የመክፈቻ ቀን ሲቀርብ ዝቅ የሚል ከሆነ መስፈርት አይባልም።

ሌላም ነገር አለ። ሕዝቡ ከነባሩ መስመር የተሰማውን ይዞ ነው ስለ አዲሱ ድምፅ የሚሰጠው። በአሜሪካዋ ፖርትላንድ አካባቢ ክላክመስ በተባለው አውራጃ በ2012 መራጮች ያለ እነርሱ ፈቃድ ለባቡር ገንዘብ እንዳይወጣ የሚያስገድድ ደንብ አጸደቁ፤ ባቡር ወንጀል ይዞ ይመጣል የሚለው ፍርሃት በዚያ ክርክር ውስጥ ጎልቶ ነበር። በ2020 ደግሞ የዚያው ከተማ ክልል መራጮች ደቡብ ምዕራብን የሚያገለግል መስመር የተካተተበትን የትራንስፖርት ታክስ ውድቅ አደረጉ። ለዚህ ውድቀት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በፍርሃት አላሳብብም። ነገር ግን የነባሩን መስመር ስም ያላስጠበቀ ድርጅት የአዲሱን መስመር ገንዘብ በራሱ እጅ እያባረረ ነው። በእኔ ሚዛን፣ ነባሩ መስመር በጊዜ ሰሌዳው መሠረት መሄዱና በሠራተኛ መሞላቱ ለአንድ ሙሉ ዓመት ሳይረጋገጥ አዲስ ግንባታ መጀመር የለበትም።

መልስ፦ ከ«የጣቢያ ሠራተኛ»

ስለ ሥርዓት መጓደል እስካሁን በጎን ካልሆነ በቀር የተናገረ የለም፤ ተሳፋሪው ከሁሉ በላይ የሚያወራው ግን ስለ እርሱ ነው።

አንድ ነገር ቀድሞ ሊታወቅ ይገባል። ከ2020 ወረርሽኝ በኋላ በብዙ ከተሞች የተሳፋሪው ቁጥር በጣም ወረደ፤ መጠለያ የሌላቸው፣ በሱስ የተያዙና የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ግን ከባቡሩ አልወረዱም፣ የሚሄዱበት ቤትና ቢሮ የላቸውምና። በአንድ ፉርጎ ውስጥ ሰባ ሰው ሲኖር አንድ የሚጮህ ሰው ያስቸግራል፤ ስድስት ሰው ብቻ ሲኖር ያው ሰው ያስፈራል። የሰውየው ጠባይ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በዙሪያው ያለው ሰው ብዛት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የጸጥታ መሣሪያ ብዙ ተሳፋሪ ነው፤ ብዙ ተሳፋሪ የሚመጣው ደግሞ ባቡሩ ቶሎ ቶሎ ሲመላለስ ነው። በምሽት በየ8 ደቂቃው የሚመጣ ባቡርና በየ25 ደቂቃው የሚመጣ ባቡር አንዲት ሴት ብቻዋን ጣቢያ ላይ የምትቆምበትን ጊዜ በሦስት እጥፍ ይለያያሉ። «በጀት ተከታታይ» ግንባታ ለአንድ ዓመት ይቁም ያሉትን የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥሩ ሆኖ የተቀጠለ መስመር ተሳፋሪ ይጨምራል፣ ተሳፋሪውም ነባሩን መስመር ይጠብቃል። ገንዘቡ የሚመጣበት ቋት የተለያየ ነው ያሉትን ግን ያለ አንዳች ማሻሻያ እቀበለዋለሁ።

በዚህ ረገድ የአሜሪካ መንትያ ከተሞች የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል ልምድ ብዙ ያስተምራል። በ2014 የተከፈተው አረንጓዴ መስመር ሌሊቱን ሙሉ ይሠራ ስለነበር መጠለያ የሌላቸው ሰዎች በፉርጎው ውስጥ ማደር ጀመሩ፤ በኦገስት 2019 የሌሊቱ አገልግሎት ቆመ። ይህ ውሳኔ ባቡሩን ከመኝታነት አወጣው፤ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛውንም ከባቡሩ አወጣው፣ የተኙትንም ወደ ብርድ ላካቸው። ትክክል ነበር አልነበረም ብዬ ለመፍረድ እቸገራለሁ፤ የመኝታ ችግርን የትራንስፖርት ድርጅት ብቻውን ሊፈታው እንደማይችል ግን አሳይቷል። ቆይቶም በባቡር ሦስት የነበሩትን ፉርጎዎች ወደ ሁለት ዝቅ አደረጉ፤ ሐሳቡ ተሳፋሪውን ማቀራረብና ለጥበቃ የሚያስፈልገውን ቦታ ማጥበብ ነበር። ወጪ ሳይጠይቅ ብዙ ለውጥ የሚያመጣ ስለሆነ ይህን እርምጃ እወደዋለሁ።

ትኬትን በተመለከተ ሁለቱ ከተሞች የሚገኙበት የሚኒሶታ ክልል ሕግ በ2023 ተለወጠ። ከዚያ በፊት ያለ ትኬት መሳፈር በወንጀል የሚያስከስስ ሲሆን መቀጫው 180 ዶላር ነበር፤ ክሱም ፍርድ ቤቱን ስለሚያሰለች ብዙ ጊዜ ተግባራዊ አይሆንም ነበር። አዲሱ ሕግ በ35 ዶላር የሚጀምርና በተደጋገመ ቁጥር ከፍ የሚል አስተዳደራዊ መቀጫ አድርጎታል፣ ትኬት የሚፈትሹትም መሣሪያ ያልያዙ የትራንስፖርት ድርጅቱ ሠራተኞች ናቸው። ትልቅና የማይፈጸም ቅጣት ከትንሽና ከሚፈጸም ቅጣት ያነሰ እንደሚከበር ለእኛ ግልጽ ነው። የትኬት ቁጥጥር ዋና ጥቅሙም ገንዘቡ አይደለም፤ ሠራተኛው ፉርጎ ውስጥ በየጊዜው እንዲገባ ሰበብ መሆኑ ነው።

በፉርጎ ውስጥ ስለሚጨሰው አደንዛዥ ዕፅም አንድ ነገር ልበል። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሲያትልና በፖርትላንድ ባቡሮችና አውቶቡሶች ውስጥ ያለውን አየርና ንጣፍ መርምረው በ2023 ውጤቱን ይፋ ሲያደርጉ፣ የሜታምፌታሚን ቅሪት በአብዛኛው ናሙና፣ የፌንታኒል ቅሪት ደግሞ በከፊሉ ተገኝቷል፤ መጠኑ ግን በጣም አነስተኛ ሲሆን ተመራማሪዎቹ የአየር ማጣሪያና የአየር ዝውውር እንዲሻሻል መክረዋል። ዜናው «በባቡር ውስጥ መርዝ» ተብሎ ሲራገብ ማጣሪያው ተረሳ። አዳዲስ ፉርጎዎች በማስፋፊያ ሲገዙ የተሻለ ማጣሪያ እንዲኖራቸው በውሉ ውስጥ ማስገባት አንድ መስመር መጻፍ ነው የሚጠይቀው።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ከ«ተሳፋሪ»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ የቀረኝ አለ። ብዙ ሰዎች «ጣቢያው ሁሉ በር ይበጅለት፣ ያልከፈለ አይግባ፣ ነገሩ ያበቃል» ይላሉ። የሻርለቱም መስመር መግቢያ በር የሌለው በመሆኑ ከግድያው በኋላ ይህ ሐሳብ ጠንክሮ ተነሥቷል። ይህ ለቀላል ባቡር ይሆናል?

መልስ፦ ከ«ንድፍ ክፍል»

በከፊል። የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባቡር ባርት በጣቢያዎቹ ሁሉ ከፍ ያሉና ተዘልለው የማይታለፉ አዳዲስ በሮችን በ2025 ተክሎ ጨርሷል። ባርት ግን ጣቢያዎቹ የታጠሩ፣ ከመንገድ የተለዩ ናቸው። ቀላል ባቡር በእግረኛ መንገድ ዳር የሚቆምበት ፌርማታ በር ቢበጅለት ሰው በሐዲዱ በኩል ዞሮ ይገባል፤ ትኬት ሳይከፍል ለመግባት ብሎ ሐዲድ ላይ የሚወርድ ሰው ካለ ደግሞ አንዱን ችግር በባሰው ለውጠናል ማለት ነው። በአንድ መስመር ላይ የዋሻና የድልድይ ጣቢያዎች ካሉ ለእነርሱ በር መትከል ይቻላል፤ አዲስ ጣቢያ ሲነደፍ ዛሬ በር ባይተከል እንኳ ነገ የሚተከልበትን ቦታ መተው ብልህነት ነው፤ በኋላ ግድግዳ አፍርሶ ማስገባት ብዙ እጥፍ ያስወጣል። በር ግን ከከፈለ በኋላ ሌላውን የሚጎዳ ሰው አያቆምም፤ ይህንን መካድ አይገባም።

መልስ፦ ከ«በጀት ተከታታይ»

«የጣቢያ ሠራተኛ» ተሳፋሪ መብዛት ራሱ ጥበቃ ነው ያሉትን አስቤበት፣ ዓመት ይቁም ያልኩትን በሌላ መልክ ላስቀምጠው። ግንባታው ይቀጥል፤ ነገር ግን የሕዝብ ድምፅ በሚጠየቅበት ሰነድ ውስጥ ከሚሰበሰበው ታክስ የተወሰነው ክፍል ለሥራ ማስኬጃ ብቻ እንዲውል፣ ወደ ግንባታ እንዳይዛወርም በሕግ ይታሰር። የግንባታ ዋጋ ሲንር ገንዘብ የሚፈለግበት የመጀመሪያው ኪስ ይህ ስለሆነ ካልታሰረ አይተርፍም። በአሜሪካዋ ኦስቲን በ2020 የጸደቀው የቀላል ባቡር ዕቅድ በ2023 ወጪው ስለናረ ከ27 ማይል ገደማ ወደ 10 ማይል ገደማ ዝቅ እንዲል ተደርጓል፤ ብዙዎች አዘኑበት፣ እኔ ግን ከሐዲዱ ርዝመት መቀነሱ ከጠባቂውና ከጽዳቱ ከመቀነስ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሻርለትን በተመለከተ፣ መራጮቹ ፍርሃታቸውን የረሱ አይመስለኝም። ጥያቄው የቀረበላቸው ለባቡር ብቻ ሳይሆን ለአውቶቡስና ለመንገድም ጭምር ነበር፤ ውጤቱም ጠባብ ነበር። ስለዚህ ያንን ድምፅ እንደ ሙሉ እምነት ሳይሆን እንደ ብድር አድርጎ መቁጠር ይሻላል። ጠያቂያችን የሚከታተሉት የማስፋፊያ ዕቅድ ካለ፣ ሁለት ወረቀት ብቻ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ፤ አንዱ አዲሱ መስመር ከተከፈተ በኋላ ባሉት አሥር ዓመታት የሚያስፈልገው የሥራ ማስኬጃ ወጪና ምንጩ፣ ሌላው በነባሩም በአዲሱም መስመር ላይ ያሉት ማቋረጫዎች ዝርዝር፣ እያንዳንዱ እስካሁን ካደረሰው አደጋና ሊደረግለት ከታሰበው ጋር። ሁለቱ ወረቀቶች ገና አልተዘጋጁም ከተባሉ፣ ዕቅዱ ለድምፅ አልደረሰም።

መልስ፦ ከ«ባቡር ነጂ»

በሦስተኛነት የነጂዎችን የፈረቃ ሰሌዳ ይጨምሩበት፤ የመጀመሪያው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሚነሣና ያንን ባቡር የሚነዳው ሰው ከዋዜማው ስንት ሰዓት ላይ ሥራ እንደሚወጣ የሚያሳየውን።